ቀለም የተቀባው ብየዳ

ይድረስ ለወንድሜ ለኤርጫፎ፣ ደርባን።

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ሱቁ ይሸጣል? ብርዱስ ለቀቀህ? እማዬ በየጠዋቱ «በልቶ ይሆን?» እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔ እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ቁጭ ብዬ የማውቅ ይመስል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ፒካፕህ ነው። በስልክ ስነግርህ ሳልጨርስ ስለምትጮህብኝ፣ ማራኪ ወደ እናንተ ስትመጣ ይህን በእጇ ላኩልህ። እስቲ አንድ ጊዜ ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

ከግንቦት ጀምሮ መሪው ላላ። ከኦቾሎ ቁልቁለት ስወርድ ወደ ቀኝ ካዞርኩት በኋላ መኪናው ትንሽ አስቦበት ነው የሚዞረው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ደግሞ ሳላዘው ወደ ግራ ይስባል። ደውዬ ስነግርህ «ጎማ ነው» አልክ፤ የፊት ጎማዎቹ ተቀየሩ። «እንግዲያው ቴስቲናው ነው» አልክ፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ቴስቲና በሁለቱም በኩል ተቀየረ። ቀጥሎ «ባሌስትራው ደክሟል፣ ሙዝ እያበዛሽበት ነው» ብለህ ጥፋቱን ወደ እኔ አዞርከው። ወይ ጉድ! እኔ ከኩልፎ እርሻ የምጭነው እኮ አንተ ትጭነው የነበረውን ግማሽ አያህልም። ባሌስትራውም ተጠገነ፤ መሪው ግን ያው።

መካኒኩ ጋሽ ሰይፈሥላሴ «ባለመኪናው ከባሕር ማዶ ደውሎ ካዘዘኝ እኔ ምን አገባኝ?» ይሉኛል። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ከሥሩ ገብተው አላዩም፤ ያንተን ስልክ እየሰሙ ይፈታሉ፣ ያስራሉ። እዚህ አገር ውጭ ያለ ሰው ቃል የሐኪም ትእዛዝ ሆኗል። በየቀኑ የምነዳው እኔ ግን «አንቺ ቆይ» እባላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ አንገፈገፈኝ። አንተ ስትደውል ስልኩን ከእጃቸው ተቀብዬ ዘጋሁና «ዛሬ ወንድሜ ይቆይ፣ መኪናውን እንጠይቀው» አልኳቸው። ሞተሩን አስነስቼ መሪውን ግራና ቀኝ ሳዞር እሳቸው ከሥር ገብተው አዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወጥተው መሪውን ያዙና «ግቢና ራስሽ እዪው» አሉኝ። ማዳበሪያ አንጥፌ ገባሁ። ኤርጫፎ፣ የመሪው ሳጥን የታሰረበት ሻንሲ ተሰንጥቋል። መሪው በዞረ ቁጥር ስንጥቁ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሳጥኑም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስንጥቁ ላይ አሮጌ ብየዳ አለ፤ ብየዳው ላይ ደግሞ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል።

ልትሄድ ሳምንት ሲቀርህ መኪናውን ሁለት ቀን ጋራዥ አሳድረህ «ቀለም እያስነካሁት ነው» ያልከኝ ትዝ አለኝ። የቱን ቀለም እንደሆነ አሁን ገባኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንተ ግን በሽታውን ደብቀህ መድኃኒት ታዝልኛለህ! ተናድጃለሁ፣ አልዋሽህም። ከንዴቱም በላይ ፈርቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አባባን ከፊት አስቀምጬ ያንን ቁልቁለት ወርጃለሁ። «ተበይዷል፣ አደራ እያሳየሽ» ብትለኝ ምን ነበረበት?

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሻንሲው ብረት ተደርቦበት ካልተሠራ መኪናው ከጋራዡ አይወጣም ብለዋል፤ እሱ ደግሞ ለመስቀል አይደርስም። ስለዚህ በዓሉን ለማክበር ወደ አባባ ትውልድ አገር ወደ ኦቾሎ የምንወጣው በሕዝብ መኪና ተሳፍረን ነው። አባባ ግን ይህን አያውቅም። ሽማግሌዎቹ በልጁ መኪና ሲደርስ እንዲያዩት ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል፤ ታውቀዋለህ።

እማዬ ሳሚልኝ ብላለች። ታናሿ እህታችን ሐሴት ዘጠነኛ ክፍል አለፈች፤ ናፍቀሃታል። ጎረቤታችን ቦንቱ ደህና ነህ ወይ በይልኝ ብላለች። አባባ ደግሞ «ልጄ መኪናውን ደህና አድርጎ ነው ትቶልኝ የሄደው» እያለ ለበዓሉ የሚለብሰውን ጋቢ ከአሁኑ አሳጥቦ፣ ሰላም በይልኝ ብሎሃል። እኔ ምንም አልነገርኩትም። አፌም አይችልም። ደውልና አንተው ንገረው።

እህትህ ልክነሽ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.