ተዝካሬን ለበሉት ሊቀ መንበር

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ደርበው አረጋ፣
የቀበሌያችን ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣
ላስታ

ካርቱም፣ ሐምሌ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከብትዎና ማኅተምዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ በእርስዎ ፊርማ ከሞትሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ከዚህ በቀር ደኅና ነኝ።

ከዚህ በፊት ሁለት የታሸጉ ደብዳቤዎች ልኬልዎት ነበር። የሟች ደብዳቤ መክፈት ከብዶዎት ይሆናል ብዬ ይህኛውን ሳላሽግ፣ በሦስት ቅጂ ጻፍሁት። አንዱ ለእርስዎ ነው፤ አንዱ ለእናቴ ለወይዘሮ ገለቴ፤ አንዱ ደግሞ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ እንዲነበብ ለገነተ ማርያም አባቶች ነው። ለሚሰማው ሁሉ ለማስታወስ ያህል፣ እኔ የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ የነበርሁት አልጣሽ ገብረ ሊባኖስ ነኝ። የጻፍሁትም ለተዋለልኝ ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ በተራ ለማቅረብ ነው።

አንደኛ፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና መዋዕለ ሕፃናቱን ዘግተው የእህል መጋዘን ስላደረጉት አመሰግንዎታለሁ። እህሉም ሲመጣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ብቻ ነው ብለው ከሰልፉ አስወጡኝ። የልጄ አባት ከዘመቻ ስላልተመለሰ የምማከረው ሰው አልነበረኝም። የአምስት ዓመት ልጄን ሙሉዬን ለእናቴ ትቼ፣ ሥራ አግኝቼ እመለሳለሁ ብዬ፣ ከሚሰደደው ሕዝብ ጋር ወደ ሱዳን አቀናሁ።

ሁለተኛ፤ ተከዜን ከተሻገርን በኋላ አብራኝ ትጓዝ የነበረች የሰቆጣ ሴት መንገድ ላይ አረፈች። መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ስላልነበረን፣ እናቴ የፈተለችልኝን፣ ጥለቱን አገር ሁሉ የሚያውቀውን ነጠላዬን አልብሻት አለፍሁ። ከኋላችን ይመጣ የነበረ የአገራችን ሰው ነጠላውን አይቶ፣ የሬሳ ፊት መግለጥ ነውር ሆኖበት፣ አልጣሽ ሞታለች ብሎ ተመልሶ አረዳ። በእሱ አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን አልገልጥም ነበር። እናቴም ከራሽኗ ቆጥባ ተዝካሬን አወጣች። እርስዎ ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት፣ ተዝካር ኋላ ቀር ልማድ ነው፣ የአብዮቱን ኢኮኖሚ ይጎዳል እያሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተምረውናል። በእኔ ተዝካር ላይ ግን ከቄሶቹ ቀጥለው ተቀምጠው፣ ሁለት ጊዜ ተጨምሮልዎት እንደበሉ ስሰማ፣ ለእኔ ሲሉ ኋላ ቀር በመሆንዎ ልቤ ተነካ። በማግስቱ የሞት ማስረጃዬን ፈረሙ። ተዝካሩን የበላ ሰው ሟቿ አልሞተችም ለማለት እንደሚቸግረው ይገባኛል።

ሦስተኛ፤ ዘንድሮ ሃያ ወላጅ አልባ ሕፃናት መዝግባችሁ ላኩ የሚል ትእዛዝ ከበላይ ደርሶዎት፣ አሥራ ዘጠኝ ብቻ ቢያገኙ ሙሉዬን ሃያኛ ስላደረጓት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጆቹን ወደማላውቀው ማሳደጊያ የሚወስደው መኪና በመስከረም ሁለቱ የአብዮት በዓል ማግስት ይነሳል ተብሏል። እናቴ የላክሁላትን ደብዳቤ ይዛ «ልጄ በሕይወት አለች፣ ደብዳቤዋም ይኸው» ብላ ፊትዎ ብትቆም የሰጧት መልስ «በሕይወት ካለች ትቅረብና ታመልክት» የሚል ነበር። ብቀርብ ያለ ይለፍ ወረቀት ድንበር የተሻገረች ከሃዲ ነኝ፤ ከቢሮዎ እስከ እስር ቤቱ ምን ያህል እርምጃ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ብቀር ሟች ነኝ። የከሃዲ እናት ራሽን እንደሚሰረዝም አክለው ነግረዋታል። እሷ ግን ይሰርዙት፣ አንቺ ብቻ ጻፊ ብላ ልካብኛለች።

ይህን ሁሉ የነገረኝ እዚህና እዚያ የሚመላለሰው ጨርቅ ነጋዴ አብዱልጀባር ነው፤ ያን ቀን ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ሙሉዬ የአያቷን ቀሚስ እንደያዘች፣ «እማዬ ከሞተች ደብዳቤውን ማን ጻፈው?» ብላ ጠየቀችዎት አለኝ። እርስዎም ሕፃን በቢሮ ጉዳይ አይገባም ብለው አስወጧት። እኔ ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ከክፍል አስወጥቼ አላውቅም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አልቻልሁም። ይልቅስ ስለ ኑሮዬ ላጫውትዎ።

እዚህ ካርቱም፣ ሮውዳ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ሠላሳ ሁለት ልጆች እጠብቃለሁ። አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ የጫማ ማሰሪያ አስራለሁ፣ ከጋኑ ውኃ እየቀዳሁ አጠጣለሁ፤ እነሱም በአረብኛዬ ይስቁብኛል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ምንጣፍ ላይ አስተኛቸዋለሁ። ሂንድ የምትባል አንዲት ልጅ ጣቴን ካልያዘች አትተኛም። ሙሉዬም ልማዷ እንዲሁ ነበር። ስለዚህ እግሬ እስኪደነዝዝ ከአጠገቧ ቁጭ እላለሁ።

አንድ ደንብ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሊወስድ ሰው ሲመጣ፣ ልጁ ራሱ የመጣው ማን እንደሆነ ሳይናገር አልሰጥም። አክስትም ትምጣ፣ ሹምም ይምጣ፣ ልጁን በሩ ላይ አቁሜ ማን ነው የመጣልህ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ዝም ካለ መልሼ አስገባዋለሁ። ይህን እዚህ አልተማርሁትም፤ እዚያው ቀበሌያችን ሳለሁ የጀመርሁት ነው። የእርስዎንም ልጅ፣ ሊወስዷት ሲመጡ፣ በየቀኑ ጠይቄያታለሁ። «አባዬ» ብላ ነበር የምትሄደው።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህ ደብዳቤ እናንተ ዘንድ ለመድረስ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ሲደርስ መኪናው ሄዷል። ስለዚህ ከሞት አስነሱኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ ልጄን ይመልሱልኝ ማለትም ዋጋ የለውም። የማሳደጊያውን ስም ብቻ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ለእናቴ ይስጡልኝ። ይህንንም እንደማያደርጉት አውቃለሁ፤ የጻፍሁት እጄ አላርፍ ስላለኝ ነው። ሙሉዬን መኪናው ላይ ሲያወጧት፣ ማን ነው የመጣልሽ ብሎ የሚጠይቃት ሰው አይኖርም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለወንበርዎ የማይነቃነቅ እግር እየተመኘሁ፣ በመዝገብዎ ላይ በሰላም ያረፍሁት የዘወትር አክባሪዎ፣

ሟች አልጣሽ ገብረ ሊባኖስ

ማስታወሻ፦ እናቴ የሞት ማስረጃዬን ቅጂ ልካልኝ አየሁት። ፊርማዎን ወዲያው ነው ያወቅሁት። በ1973 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስምዎን መጻፍ የተማሩት ከእኔ ነበር። እጅዎን ይዤ ሳስጽፍዎ በጀርባዬ ታዝላ የነበረችው ሙሉዬ ናት። በዚያው እጅ ፈረሙባት።