አርባ ምንጭ ተቆጠረ

አንተ አስናቀ፣

ፖስት ካርዷን ለሰፈሩ ልጆች ጮክ ብለህ አንብብላቸው! እዚህ አርባ ምንጭ ዘሪቱ የምትባል ዓሣ ጠባሽ «አርባ ምንጭ ምግብ ቤት» የሚል ታፔላ አስጻፈችኝ። እንደኔ ያለ ጸሐፊ አገሩ አይቶ አያውቅም! ቀለሙ ሳይደርቅ ደበሌ የሚባል ባለሆቴል ወረቀት ይዞ መጣ።

«ስሙን አስመዝግቤዋለሁ፤ የኔ ነው፣ አውርጂው!»

እኛ ናዝሬት ቢሆን በቡጢ ነበር የሚያልቀው። እሷ ግን ቀበሌ ሄዳ ከሰሰችው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሙ የሱ ከሆነ ምንጮቹን ይቁጠራቸዋ!»

ሊቀመንበሩም ስቆ ደበሌን «አርባ ከሞሉልህ ስሙ ያንተ ነው» አለው። አገር ምድሩ ምንጮቹ ያሉበት ጫካ ወረደ። ደበሌ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ሲቆጥር፣ እሷ ከኋላው «ኧረ ጋሼ፣ ይቺን ቅድም ቆጥረሃታል!» ትለዋለች። ለፍቶ ለፍቶ ሠላሳ ሰባት ላይ አለቀበት!

«በል፣ ሦስቱን እስክታመጣ ስሙ የሁላችንም ነው» ብሎ ሊቀመንበሩ ፈረደ።

ታፔላዬ አልወረደም። ደበሌ ራሱ በነጋታው ሳቅ እያለ መጥቶ «ለኔም ጻፍልኝ፤ ግን ከሷ ተለቅ አድርገህ» አለኝ። ካርዷ ሞላችብኝ፤ እማማ ወለቴን ሳምልኝ፣ ልጅሽ አንዱን ከተማ በሁለት ታፔላ ጻፈው በላት።

ገነነ