የትንሿ ፊኛ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ዛሬም ተኛሁ። ነገም እተኛለሁ። የትራክተር መለዋወጫ ስሸጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እየዋልኩ «ምነው አንድ ቀን እንኳ ጋደም ባልኩ» እል ነበር። ይኸው፣ አብዝቶ ሰጠኝ።

አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምናው ከተሠራልኝ አስራ ሰባት ቀን። እርግዝናዬ ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ይዟል። መንታዎቹ አንድ የእንግዴ ልጅ ይጋራሉ፤ በዚያ ላይ ባሉ የደም ሥሮች በኩል የትንሿ ደም ወደ ትልቋ ይሄድ ነበር። በቀጭን ቱቦ ሆዴ ውስጥ ገብተው ሥሮቹን በሌዘር ጨረር ዘጓቸው። ሐኪሞቹ ትንሿን «ለጋሽ» ይሏታል። አማቴ እማማ የሺ ይህን ሲሰሙ «ገና ሳትወለድ ቸርነት ምን አስቸኮላት!» አሉ።

ሲያሰናብቱኝ ተጠንቀቂ ያሉኝ፦
የእንሽርት ውሃ መፍሰስ።
ምጥ ያለጊዜው መምጣት።
የአንዷ ልብ መቆም። ይህን ሁለተኛ አልጽፈውም።

ጠብቂ ያሉኝ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትንሿን ፊኛ። ደም ስላነሳት ሽንት አልነበራትም፣ ፊኛዋ ባዶ ስለሆነ በአልትራሳውንድ አይታይም። ከታየ ደም እየደረሳት ነው ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት አልታየም። ቀጠሮዬ አርብ ነው።

ማክሰኞ፣ 21

የጣሪያው ቆርቆሮ ከጠዋት ጀምሮ በሙቀት ይንጣጣል። የአዲስ አበባዋ ሐኪም «እርጥበት ካየሽ ቶሎ ሆስፒታል ሂጂ» ብላኛለች። በሚያዝያ መተማ ላይ እርጥበት የሌለበት ሰው ካለ ያሳዩኝ! ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ላብ ነኝ። ነጭ ጨርቅ እየቀያየርኩ አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ እንደገና አያለሁ። እብድ መስያለሁ።

ባለቤቴ ደሴ ከሽንፋ ደወለ። ክረምቱ ሳይገባ የእርሻውን ትራክተር እየጠገነ ነው። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ሁለታችንም እንጮሃለን።

«ፊኛስ?»

«ፊኛው ገና ነው!»

ጎረቤታችን ሐጃ ዘህራ፣ የሱዳን ጨርቅና ሽቶ ነጋዴዋ፣ በመስኮት ሰምተውን ኖሯል። ከሱቃቸው አንድ እሽግ ፊኛ ይዘው ከተፍ አሉ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ።

«ወላሂ፣ ይኼ ነው ያስጨነቃችሁ? ለምን ቀድማችሁ አትነግሩኝም!»

እማማ የሺ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ የትኛው ፊኛ እንደሆነ አስረዷቸው። ሐጃ ግን እሽጉን መልሰው አልወሰዱም። «ለልደታቸው ይሆናል፣ ኢንሻላህ» ብለው ከትራሴ ሥር ሸጎጡት። እኔም ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ፈራሁ። ሰው ስለ ልደት ሲያወራ ያስፈራኛል።

ረቡዕ፣ 22

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ፍራሹ ርሷል። ቀሚሴ ከወገቤ በታች ተጣብቋል። አሸተትኩት፤ ሽታ የለውም። ላብም ሽንትም አይደለም፣ ውሃ ነው። ጮህኩ። እማማ የሺ ከወፍጮ ቤት መመለሳቸው ነበር፤ ዱቄቱን በር ላይ ጥለው ገቡ። ፍራሹን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

በኮንትራት ሚኒባስ ወደ ገንዳ ውኃ ከተማ፣ ሆስፒታል። መንገዱን ሙሉ እጄን ይዘውኝ ነበር። ለልጆቼ በልቤ «ቆዩ፣ ትንሽ ቆዩ» እላለሁ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

አዋላጇ መረመረችኝ። ፈሳሹ የእንሽርት ውሃ ከሆነ ቀለሙ የሚቀየር ወረቀት አላት። አልተቀየረም። ደግማ አየች። አልተቀየረም።

«ማህፀንሽ አካባቢ ምንም የሚፈስ ነገር የለም። ታዲያ ይኼ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?»

በዚህ መሀል የእማማ የሺ ስልክ ጮኸ። የሐጃ ዘህራ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«የት ጠፋችሁ? ልጅቷ በሙቀት ተቃጥላ ተኝታ ባገኛት ፍራሹ ላይ ሁለት ጆግ ውሃ አርከፍክፌላት ሄድኩ። እኛ ካርቱም እንዲህ ነበር የምንተኛው። ቀዘቀዘላት?»

«አንቱ ሴትዮ!» አሉ እማማ የሺ። «እኛንም እኮ አቀዘቀዙን!»

አዋላጇ ሳቋ አላስቆም ብሏት ወንበር ሳበች። እኔ እየሳቅሁ አለቀስኩ ወይስ እያለቀስኩ ሳቅሁ፣ አላውቅም።

«ከመጣሽ አይቀር አርብን ለምን ትጠብቂያለሽ?» ብላ ወደ አልትራሳውንድ ክፍል ወሰደችኝ። ወጣቱ ሐኪም የትልቋን ልብ አሳየን፤ ይመታል። የትንሿን አሳየን፤ ይመታል። ከዚያ መሣሪያውን ሆዴ ላይ አንድ ቦታ አቁሞ አጎንብሶ ቀረ። ስክሪኑ ላይ አተር የምታክል ጥቁር ነገር አለች።

«ፊኛዋ ነው» አለ። «ሞልቷል።»

እማማ የሺ ሆስፒታል ውስጥ እልል አሉ። ተረኛ ነርስ ሮጣ መጥታ «ወለደች እንዴ?» አለች። «ኧረ ሽንት ነው!» አሏት።

ሐሙስ፣ 23

ደሴ ዛሬ ጠዋት ነው የሰማው። ከጎኑ የሚሠሩት የጎጃም ልጆች «ምን ሆነ?» ሲሉት «ልጄ መሽናት ጀመረች!» ሲል ይሰማኛል። ጭብጨባው በስልክ መጣ።

አዲስ አበባ ለሐኪሟ ደወልኩ። ደስ ብሏታል፤ ግን ፍርሃቱ አላለቀም አለችኝ። ትንሿ ክብደቷ ገና ወደ ኋላ ነው። የእንሽርት ውሃው እስክወልድ ድረስ በማንኛውም ቀን ሊፈስ ይችላል። በየሳምንቱ ምርመራ፣ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ጎንደር ሆስፒታል አጠገብ ቤት ተከራይቶ መቀመጥ። እሺ አልኩ። ሁሉንም እሺ።

ከሰዓት ሐጃ ዘህራ ለይቅርታ መጡ፤ ለስላሳ ነጭ ጨርቅ ጣቃውን ተሸክመው። ለመጠቅለያ ነው። እስከ ዛሬ ለሕፃን የሚሆን ነገር እቤቴ አላስገባም ነበር። ዛሬ አልከለከልኳቸውም። ለትልቋ ለክተው ቆረጡ። መቀሱን ለሁለተኛው ሲያነሡ ቆም አሉ።

«የትንሿን ላሳንሰው?»

«እኩል ይቁረጡት» አልኳቸው። «ታድግበታለች።»