የጋሽ ዳምጠው ሁለተኛ መርዶ

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ማናህሎሽ፦

እንደምን ከርመሻል? ጨጓራሽስ ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ሚጥሚጣውን አልተውሽም? የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው? ባለቤትሽና ልጆቹስ? እኔ ከጁባ ሙቀት በቀር የምከሰው ነገር የለም፤ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ግን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከጎንሽ ስለማትጠፋ ነው።

ጋሽ ዳምጠው ባለፈው ማክሰኞ ዐረፉ። አዎ፣ የእማዬ ወንድም፣ ሃምሳ አለቃው። አላበድኩም። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ጓደኛቸው ካፖርታቸውን ከነመታወቂያው አምጥቶ ሞቷል ያለን፣ ለቅሶ ተቀምጠን ተዝካር ያወጣንላቸው፣ እሳቸው ናቸው። ካፖርቱን ሲሸሹ ከብዷቸው ጥለውት ኖሯል። እሳቸው በከሰላ በኩል ሱዳን ገብተው ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ቶንፒንግ ያለው የመሥሪያ ቤታችን ጄኔሬተር ሲበላሽ ከወንዙ ማዶ ከጉምቦ ሰፈር አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተጠርተው መጡ። ወረቀት ላይ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ሲጽፉ አየሁና ክው አልኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው መፍቻውን ጥለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ለምን አልተመለሱም ትይ ይሆናል። ካርቱም ሳሉ ሚስታቸው አምለሰት አግብታ እንደወለደች ሰሙ። የተለቀሰለት ሰው ተመልሶ ትዳር አያፈርስም አሉኝ። ደግሞ፣ ብመለስ ተዝካሬን የበላ ሁሉ በምን ዓይኑ ያየኛል እያሉ ይስቁ ነበር። በቁሜ ለማንም እንዳትነግር ብለው አስማሉኝ።

ከኦጋዴን እስከ ከረን አሥራ አራት ዓመት የመገናኛ ሬዲዮ ተሸክመዋል። ስለ ጦርነቱ ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ የባትሪውን ክብደት ብቻ ነው። በሞባይል ሲያወሩ እንኳ መጨረሻ ላይ «ተቀበል» ይሉ ነበር። አብሯቸው የሚሠራው ሱዳናዊው ረፊቅ ሳይቀር ለምዶታል፤ በቀብራቸውም ቀን ከሁላችን በላይ ያለቀሰው እሱ ነው።

እሑድ እሑድ ለእማዬ ስደውል ከጎኔ ተቀምጠው «የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው» ይሉኝ ነበር። ትንፍሽ አይሉም። አንድ ቀን ሳል ቢያመልጣቸው እማዬ ማነው የሚያስለው አለችኝ። ጎረቤት ነው አልኳት። እግዜር ይማረው፣ ዝንጅብል በማር አፍላለት አለች። አፈላሁላቸው፤ እያለቀሱ ጠጡት። ያን ቀን መሐላዬን ማፍረስ ነበረብኝ፣ እትዬ። አላፈረስኩም፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። እንደ መርዶ ወግ በማለዳ ዘመድ ሰብስበሽ እንዳትሄጂ፤ ሰው ካየች ጩኸቷን ታቀልጠውና ሌላውን አትሰማሽም። ቀን፣ ምሳዋን ከበላች በኋላ፣ ብቻሽን ሂጂ። መጀመሪያ መኖራቸውን ንገሪያት። እሑድ እሑድ ድምፅሽን ሲሰሙ ነበር በያት። የት አለ ብላ ራሷ እስክትጠይቅሽ ድረስ መሞታቸውን አታንሺባት። ለአምለሰት ይነገራት አይነገራት፣ እሱን እማዬ ትወስን።

ባለቤትሽን ጋሽ ካሳዬን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ሔርሜላንና ትንሹን አቤኒን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለእማዬ ዛሬ ሰላምታ አልልክም፤ ይቅርታ አድርጊለት ብለሽ ለምኝልኝ።

ወንድምሽ ተካልኝ
ጁባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.