የረጋ ወለል ሲለምኑ የኖሩት የዶክተር ሎሚ ፈዬራ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሎሚ ከአባታቸው ከአቶ ፈዬራ ጉተማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቂ ቶላ በ1961 ዓ.ም. ከሲኤምሲ ማዶ በነበረ የገበሬ መንደር ተወለዱ። መንደሩን አትፈልጉት፣ ወገኖቼ፤ ኮንዶሚኒየም ሆኗል።

በ1983 ዓ.ም. በፊዚክስ ተመረቁ። በ1988 ዓ.ም. ከአቶ መኩሪያ ረታ ጋር በተክሊል ተጋብተው ፌናንንና ጸጋአብን ወለዱ። ስዊድን ተምረው፣ እዚያው ቅሪ ቢባሉ እምቢ ብለው፣ በ1996 ዓ.ም. ዶክትሬታቸውን ይዘው ተመለሱ።

ሥራቸውን ለኛ ላልተማርነውም ሳይሰለቹ ያስረዱን ነበር። ብርሃን የሚመጥ ፕላስቲክ አለ፤ ፖሊመር ይሉታል። ብርሃን ሲያርፍበት የሚያገኘው ጉልበት ከዐይን ጥቅሻ እጅግ ባነሰ ጊዜ ወይ ኤሌክትሪክ ይሆናል፣ ወይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። እሳቸው በአንድ የሌዘር ብልጭታ ቀስቅሰው፣ በሌላ ብልጭታ ተከትለው የት እንደሚባክን ያያሉ። ይኼ ቢታወቅ ርካሽ የፀሐይ መብራት ለድሃው ሁሉ ይደርስ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የሌዘር መሣሪያው ከስዊድን ወዳጆቻቸው በስጦታ መጣላቸው። መስተዋቶቹ ቅንጣት ከተነቃነቁ ብርሃኑ መንገዱን ይስታል፤ ስለዚህ ምድር ወለሉ ላይ ክፍል ጠየቁ። ግን ያኔ ሕንፃ ያለው ሁሉ ምድሩን የሚያከራይበት ዘመን ነበር። የመሥሪያ ቤታቸውም ምድር ወለል ለባንክና ለኬክ ቤት ተሰጥቶ፣ ለእሳቸው "ለክብርዎ" ተብሎ ስድስተኛው ፎቅ ደረሳቸው።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ "ዶክተር፣ የኦሎምፒያን ሰፈር ቁልቁል እያዩ ይሠራሉ፤ ምን ጎደለዎት?" ብለው ቀለዱባቸው።

"ለኬክ የሰጣችሁት ወለል" አሉ ሎሚ።

ለጎረቤት ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር መሣሪያው ያረፈበት ጠረጴዛ ይርገፈገፋል። ቁፋሮው ያርፋል ብለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቢሄዱ፣ ሊፍቱ ራሱ ያናውጥባቸዋል። በየዓመቱ አመለከቱ፤ እድገት ነው፣ ይታገሡ ተባሉ። ታገሡ። አንድም ቀን ልኬታቸው ሳይሰምር ስድስት ዓመት አለፈ።

በ2007 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጣላቸው። ተማሪያቸው እንቁ ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር ስለ ሕመማቸው አያወሩም፤ "ክፍሉ ተገኘ?" ይሏት ነበር። እሷም መዋሸት አልቻለችም። ሐምሌ 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተውልናል።

መሥሪያ ቤታቸው ስድስተኛውን ፎቅ በስማቸው ሊሰይም እንዳሰበ ሰምተናል። ቤተሰቡ ያመሰግናል፤ ነገር ግን አይሰየም። ስም አላነሳቸውም። ለእንቁ ምድር ላይ አንድ ክፍል ስጧት፣ መሣሪያውን ታውርደው።

እናንተ አብራችሁን ያለቀሳችሁ፣ እንባችሁን ፈጣሪ ያብስ። የእህታችንን ነፍስ ማንም በማይከለክላት ስፍራ ያኑርልን። አሜን።