ስለ አሥራ ዘጠኙ ደቂቃ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ምድር ቤት ባለው የሲቲ ስካን ክፍል ምስል የማነሳ፣ ያነሳሁትንም ወደ ማዕከላዊው ሰርቨር ልኬ ሐኪሞቹ ፎቅ ላይ እስኪከፍቱት ጥርሴን ነክሼ የምጠብቅ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ሦስቱ ማመልከቻዎቼ ጠረጴዛዎ ላይ ተደላድለው ስለተቀመጡ ላስነሣቸው አልፈለግሁም።

1ኛ. ሰርቨሩ ተንቀረፈፈ ባልን ቁጥር ባለሙያዎ ከሰርቨሩ አጠገብ ባለው በራሱ ኮምፒዩተር አንድ ፋይል ከፍቶ፣ በሁለት ሰከንድ እንደሚከፈትና ችግር እንዳልተገኘ የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት መልስ ስለሚልክልን እናመሰግናለን። ወደ እኛ ክፍል መውረድ ጉልበቱን እንዳይጎዳው የሚያደርጉትን ጥንቃቄም እናደንቃለን።

2ኛ. ኬብሉን ነቅለን እንድንሰካ በታዘዝነው መሠረት ስንነቅልና ስንሰካ ከርመን፣ በመጨረሻ ሶኬቱ ራሱ ከግድግዳው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀርቷል። ይመለስ ከተባለ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

3ኛ. ምክር ሲጠፋ ደብተር ገዝቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፋይል የተከፈተበትን ሰዓት መዘገብሁ፤ ሰርቨሩ የሚታመመው በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከሠራተኞችዎ አንዷ አዝና እንደነገረችኝ፣ ሰርቨሩን የሚያንቀራፍፈው የመጠባበቂያ ቅጂ የሚወሰደው በዚያ ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም ቅጂው ሲያልቅ በዓይንዎ አይተው፣ ከምሳ በፊት ካልፈረሙበት አያምኑም። ሌሊት የተሠራውን ማን አየ ብለዋል አሉ።

4ኛ. ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው የበር ጥበቃችን አምፖል ሲቀይሩ ከመሰላል ወደቁ። ምስሉን በአራት ደቂቃ አንስቼ ላክሁ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ይፈስስ ነበር፤ ቀዶ ሐኪሙ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ እጃቸውን ታጥበው ስክሪኑ ላይ የምትዞረዋን ክብ ያዩ ነበር። ምስሉን በፍላሽ ይዞ መውጣት በሰርኩላርዎ ተከልክሏል። በመጨረሻ ስክሪኔን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት፤ ምስሉን ከላክሁ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አልፎ ነበር። ሐኪሙ አይተው፣ ትንሽ ቀደም ብንል ኖሮ ብለው ወደ ቀዶ ሕክምናው ገቡ።

ጋሼ ተርፈዋል፤ ቀኝ እጃቸው ግን አይታዘዝም። ባለቤታቸው በየቀኑ ክፍሌ በር ላይ ቆመው፣ እጁ መቼ ነው የሚመለሰው እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም የማላውቀውን ነገር እቀባጥራለሁ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀብኝ፣ ክቡር ሆይ፤ ተናድጃለሁ። ነገም በሦስት ሰዓት ቅጂው ይጀምራል፤ ነገም የሚወድቅ ሰው አይጠፋም። ቅጂውን ወደ ሌሊት ያዛውሩልን።

ፊርማዎ ሳይደበዝዝ፣ ዓይንዎም ቅጂ ሲያልቅ ከማየት ሳይቦዝን ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ከልብ የምመኝ፣
ታዛዥዎ የምድር ቤቷ ባለሙያ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዬን ከጨረስሁ በኋላ እንደሰማሁት፣ የቦርዱ ሰብሳቢ ሊጎበኙን በመጡበት ሰኞ ዕለት ሰርቨሩ እንዳያሳፍርዎ ብለው ቅጂውን ለአንድ ቀን ወደ ሌሊት አዛውረውት ነበር። ቅጂውም በሰላም አልቋል አሉ። ጋሼ የወደቁት በማግስቱ ነው።