በእናቴ ጣሪያ ላይ ስለሚመረተው ሲሚንቶ

ለተከበሩ የሲሚንቶ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም ለሳንባዎ ያለኝን የጤንነት ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ከፋብሪካዎ አጥር ሥር በአንደኛዋ ክፍል ፀጉር የማስተካክል፣ በሁለተኛዋ ደግሞ እግሯ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ የዋለች እናቴን የማስታምም ጎረቤትዎ ነኝ። በመኪናዎ መስኮት አይተውኝ ይሆናል፤ ወንበር ሲያራግፍ የሚውለው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ለማማረር አይደለም። ለማማረርማ ቢሮዎ ድረስ ደጋግሜ መጥቼ ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ግን ስለ አቧራው አቤት ባልኩ ቁጥር በፈገግታ ተቀብለው፣ ሄልሜት አስደፍተው፣ ሲሚንቶ እንዴት እንደሚመረት ከጫፍ እስከ ጫፍ አስጎብኝተው ይሸኙኛል። በዚህም የተነሣ በሰፈራችን ከእኔ የበለጠ የሲሚንቶ ሊቅ የለም። የኖራ ድንጋዩ ከተራራው ተፈንቅሎ እንደሚደቅ፣ ከሸክላ አፈር ጋር አብሮ እንደሚፈጭ፣ በሚሽከረከረው ረጅም ምድጃ ውስጥ እየተንከባለለ ነድዶ ክሊንከር የሚሉት ጥቁር ጠጠር ሆኖ እንደሚወጣ፣ ከዚያም ቀዝቅዞ፣ ጥቂት ጂፕሰም ተጨምሮበት፣ እንደ ዱቄት ልሞ በከረጢት እንደሚታሸግ በቃሌ እወጣዋለሁ። ኃላፊው ከረጢቱ ጋ ሲደርሱ በቃ፣ አለቀ ይላሉ። እኔ ደግሞ በታላቅ ትሕትና አላለቀም እላለሁ፤ እሳቸው የዘለሏቸውን ደረጃዎችም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. የመጨረሻው መፍጫ አቧራ ማጣሪያ መብራት ይፈጃል ተብሎ በየማምሻው እንዲያርፍ ይደረጋል። ሲሠራ የዋለ ማረፉ ደግ ነው፤ ማሽን ቢሆንም አንጨክንበትም። እሱ ሲያርፍ ታዲያ ከረጢት ያላገኘው ዱቄት በጭስ ማውጫው በኩል ወደ እኛ ይመጣል። ሌላው ሰው ላም አለኝ በሰማይ እያለ ይጽናናል፤ የእኛ ሰማይ ግን ቃሉን ጠብቆ ያወርድልናል። ጎረምሳው ሸብቶ ሱቄ ይገባል፣ ሽማግሌውም ሸብቶ ይገባል፤ እኔ በመቀስ ማስተካከል ያቃተኝን እርስዎ ያለ መቀስ አስተካክለውታልና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ. የሰፈራችን ሰው ንጽሕና ይወዳል። ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መሰላል እየተዋዋስን፣ በባልዲ ውኃ እያቀባበልን፣ የየቤታችንን ቆርቆሮ ስናጥብ ኖርን። እናቴም እግሯ ደህና በነበረበት ጊዜ ከሁሉ ቀድማ ባልዲ የምታነሣ እሷ ነበረች። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ደርቆ ሳይሆን ውኃ ጠጥቶ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን፣ ያውም ከኃላፊዎ ገለጻ ነው። ያጠብን መስሎን ለካስ ስናቦካ ነው የኖርነው። አሁን ጣሪያችን ላይ ያለው ቆርቆሮ ይሁን የቤት ወለል እኔም አልለየሁትም፤ አሸንዳውም ድንጋይ ሆኗል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የቸገረው ጣሪያውን በውኃ ያጥባል ብለው ይጨምሩልኝ።

3ኛ. ይህ ሁሉ ክብደት የተጫነው እናቴ በተኛችበት ክፍል ላይ ነው። ወራጁ ተሰንጥቋል፤ ማገሩም ሆዱን ነፍቶ ወደ አልጋዋ አዘንብሏል። በመዶሻ ልላጠው ብል ቆርቆሮው ይቀደዳል፣ ብተወው ቤቱ ይወርዳል። ወደ ሱቄ እንዳላዛውራት አልጋዋ በበሩ አያልፍም፣ ፍራሽ ልዘርጋላት ብልም ከወንበሬ የተረፈ ቦታ የለም፣ ሌላ ቤት እንዳልከራይላት አቅሙ የለኝም። አናጢው ጎረቤቴ መጥቶ አየና፣ ራሱን ነቅንቆ፣ መሐል ክፍሉ ላይ ምሰሶ ይቁም፣ ሥሩም በሲሚንቶ ይያዝ ብሎኛል። ምሰሶውን እሱው ሰጥቶኛል። ሲሚንቶው ግን ከሱቅ ጠፍቷል፤ ፋብሪካዎም በጭነት መኪና ካልሆነ አይሸጥም። ላዬ ላይ ተከምሮ፣ እግሬ ሥር ግን የለም። ክቡርነትዎ፣ ይህን ስጽፍ ከልቤ ተጨንቄያለሁ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ያን ማገር በእጄ ደግፌ እውላለሁ።

4ኛ. በሰፈራችን ሰው ሲሞት ፋብሪካዎ ለመቃብሩ ማሠሪያ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ በነጻ እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደግነታችሁን ያልቀመሰ ቤት የለም ማለት ይቻላል። እኔም የእናቴ ድርሻ በቁሟ ይሰጠኝና ምሰሶውን ላቁምበት ብዬ ለመንኩ። ኃላፊው በጣም አዝነው፣ መመሪያው ሟች እንደሚጠይቅ አስረዱኝ፤ ሟች እንደሌለኝ ስነግራቸውም ያኔ ይምጡ፣ አናስቸግርዎትም ብለው ወደ በሩ ሸኙኝ። እንዲህ ያለ ትሕትና ባለበት መሥሪያ ቤት ሰው ምን ብሎ ይቆጣል?

ከዚህ በላይ ጊዜዎን አልሻማም። ደብዳቤዬ መልስ ባያገኝም አልቀየምም፤ ዝም አይነቅዝም ይባል የለም?

የፋብሪካዎ ጢስ የማይለየኝ፣ ምርትዎን ሳልገዛ የምሸከም፣ ታዛዥና አመስጋኝ ጎረቤትዎ፣
ከአጥሩ ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ አነበብኩላት። ሰውዬውን አታስቸግራቸው፣ እኔም ብዙ አልቆይም፤ ስሞት ሁለቱን ከረጢት ተቀበልና ምሰሶህን አቁምበት፣ ለእኔ አፈሩ ይበቃኛል አለችኝ። ያኔ ምሰሶው የሚቆመው ለማን እንደሆነ ኃላፊው በሚቀጥለው ጉብኝታችን ላይ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።